ማማው ላይ የተለማመድኩት ቃል

ከሮቢት ቆላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ቆላ ላለነው የደጋው ስም ሲነሳ ገና ጥርሳችን ይፋጫል፤ አንተ ግን ይኸው ሦስተኛ ክረምትህን እዚያ ጨረስክ። ደረትህን ያስልሃል ወይ? የቀኝ እጅህ መዳፍስ እንዴት ሆነ? ጠባሳ በብርድ ጊዜ ይጠዘጥዛል ይላሉ። ከተገኘ ቅቤ ቀባው። እኔ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ግን ማማ ስወጣና ስወርድ ይንቋቋል። ላሚቱ ወልዳ ነበር፤ ጥጃዋ ሞተባት። ሌላው ሁሉ ትተኸው እንደሄድከው ነው።

ይህን የምጽፍልህ ማሽላው መሀል፣ ማማ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ሚካኤል ነውና ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ግሪሳ ግን በዓል አያከብርም። ስለዚህ ጽሑፌ መሀል ላይ ቢቆራረጥ ወፍ ላባርር ተነስቼ ነው ብለህ እለፈው። ወረቀቱ ከአውሮፕላን የተጣለ ነው። በፊቱ ጣሊያን ስለ ሰላም የጻፈው አለበት፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለእኔ ጠቀመኝ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅብኝ። አንተ የኔታ ዘንድ እየተገረፍክ የለቀምከውን እኔ ጥጥ እየፈተልኩ፣ አንተ ስታጠና በጎን እየሰማሁ ነው ያነሳሁት። ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ያ ትተኸው የሄድከው ዳዊት አስተማሪዬም ጓደኛዬም ሆነ።

በነጋዴው እጅ የላክኸው ወረቀት በመስከረም ደርሶኛል። አጭር ነበር። ደህና ነኝ ካልክ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኸኝ፤ «እታለም፣ ያን ቀን ሾላው ሥር ድምፅሽ የጠፋው በእውነት በፍርሃት ነው?» አልከኝ። ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሁህም። ተቀይሜ አይደለም። መልሱን እኔም ለራሴ ነግሬው ስለማላውቅ ነው። አሁን ግን የምነግርህ ነገር መጣ። በቅድሚያ ሰሞኑን የደረሰብንን ላውጋህ፤ ያንተ መልስ እሱ ውስጥ አለ።

የስልኩ ሽቦ በጥቅምት መጨረሻ እንደገና ተቆረጠ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ማሽላ ጥበቃ ላይ እያለ። ማን እንደቆረጠው አላውቅም። ወረቀቱ ሌላ እጅ ላይ ይወድቃል ብዬ አይደለም ይህን የምልህ፤ በእውነት አላውቅም። ሹሙ ግርማ ወዲያው አውጫጭኝ ጠራ። ግርማን ታውቀዋለህ፤ አጥራችንን ተጠግቶ ቅል ይለምን የነበረው ነው። ጣሊያን ካባ ካለበሰው ወዲህ አንቱ ካላሉት ጆሮው አይሰማም። የአውጫጭኝ ሕጉ አልተለወጠም፤ አገሬው ሁሉ ሾላው ሥር ይሰበሰባል፣ ቤት በቤት እየተጠራ ይምላል፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ ሰው አይበተንም። ሰው እዚያ በተቀመጠ ቁጥር ወፉ ማሽላውን ይጨርሰዋል። እንዲያ ሲሆን ደግሞ ሰዉ እውነቱን መፈለጉን ይተውና ማንም ይሁን ማን አንድ ስም ወጥቶ ወደ ማሳው መመለስ ይመኛል። ይህን አንተም በዓይንህ አይተኸዋል።

ከምሰሶው ሥር የግመል ዱካ ተገኘ ተባለና አብዱረዛቅ ተያዘ። ያው ጨው ጫኙ ጎረቤታችን፣ የሐምዲያ ባል። በእኛ በኩል ግመል ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። «የት ነበርክ?» ሲሉት «የተፈራ ባልቴት ማማው ዘሞባት እግሩን ስቀይርላት ነበር» አላቸው። እውነቱን ነው። ይህ የተቀመጥኩበት ማማ አንድ እግሩን ምስጥ በልቶት ዘሞ ነበር፤ አብዱረዛቅ ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚህ ሆኖ አዲስ እንጨት ቆፍሮ ተከለልኝ። ሐምዲያ አጣዬ ገበያ ውላ ነበር። ከኔ በቀር ያየው የለም።

ሹሙ ሳቀ። «ያቺ ዲዳ ናት የምትመሰክርልህ? ለባሏ ያልተነፈሰች ላንተ ልትተነፍስ!» አለው። ሰዉም አብሮ ሳቀ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜያለሁ። ሁሉንም ሰማሁ። ሐምዲያ ዞራ አየችኝ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ የማውቀው ወንዝ መሮጥ ጀመረ። እንደገና ዝም አልኩ፣ ወንድሜ። ሁለተኛ ጊዜ። ሹሙም «እስከ ማክሰኞ ምስክር ካላቆምክ ወደ ላይ ትላካለህ» ብሎ ፈረደበት። ወደ ላይ፣ ጣሊያኖቹ ዘንድ፣ የተላከ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ ባሌ ተፈራም አልተመለሰም።

ይህ ፍርሃት ከልጅነቴ እንዳለብኝ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ገበያ ላይ የምገዛውን በጣቴ ጠቁሜ ነው የምገዛው። እናታችን የሞተች ጊዜ «ሙሾ አውርጂላት» ሲሉኝ አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ፤ አክስታችንም «ይቺ ልጅ ሆዷ ድንጋይ ነው» አለች። እናታችን ያን ዕለት ጠዋት የአንተን ትንሽ እጅ አንስታ እጄ ላይ አድርጋ «አደራ» ብላኝ ነበር፤ ያን መናገር ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጠፋብኝ። ለተፈራም አላለቀስኩለትም። እንባውስ ነበረኝ፤ ቃሉ ነው ያልነበረኝ።

ቆየኝ፣ መጡ።

ይኸው ተመለስኩ። ዘንድሮ ግሪሳው እንደ ደመና ነው።

በማግሥቱ ሐምዲያ እያለቀሰች ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ቆሎ ይዛ መጣች። ማማው ላይ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ባሏ የተከለውን እንጨት በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ «ይኼ እንጨት አፍ ቢኖረው አንቺን አልለምንም ነበር» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። «እንደማልችል ታውቂያለሽ» አልኳት። «ምኑን ነው የማትችዪው? እውነቱን አታውቂውም?» አለችኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። «እንግዲያ ከባዱ አልቋል። የቀረው ነፋስ ማስወጣት ነው» አለች።

ያን ጊዜ ግሪሳው በወንዙ በኩል ወረደ። እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ ወንጭፌን አዙሬ ጮህኩ። ስቀመጥ ሐምዲያ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ወላሂ፣ አንቺ ነሽ ድምፅ የለኝም የምትዪው? ጩኸትሽ ወንዙን ተሻግሮ የኢብሮን በሬ አስበረገገ! ለወፍ የምትሰጪውን ለሰው ትነፍጊያለሽ?» አለችኝ። «ወፍ ዓይን ዓይኔን አያየኝም» አልኳት። ይህን ስላት መሳቋን ተወች። ቆሎዋን ቆርጠም ቆርጠም አድርጋ፣ «እኔም እኮ እንደዚያ ነበርኩ» አለችኝ። መጀመሪያ ገበያ የወጣች ቀን ሰው እንዳያያት ሽንኩርቷን በሻሽዋ ሸፍና ነው አሉ ስትሸጥ የዋለችው! «አንዲት አሮጊት መጥተው ‹ልጄ፣ ሞቶብሽ ነው የገነዝሽው?› አሉኝ» ብላ አሳቀችኝ። በዚያ ሰሞን መሳቄን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን ሳቅሁ።

ከዚያ ገበያ ያስተማራትን አንድ በአንድ ትነግረኝ ጀመር። «ሰው ፊት ስትቆሚ ከሁሉ በፊት ሰላም በያቸው። ሰላም የተባለ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ እስላሙ አልሐምዱሊላህ ይላል። እነሱ አላህን ሲያመሰግኑ አንቺ ትተነፍሻለሽ።» ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ለካ ሰላምታ ለተናጋሪው ማረፊያ ነው። «እጅሽንም ባዶ አታድርጊው» አለችኝ፤ «ባዶ እጅ ሥራ ሲያጣ ይንቀጠቀጣል። እኔ የሚዛኔን ድንጋይ ነው የምጨብጠው።» በባዶ ሆድም እንዳልሄድ መከረችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሁሉንም ሰው አትዪ፤ ያ ሁሉ ዓይን ማንንም ይጥላል። አንድ ፊት ፈልጊና ለሱ ብቻ ንገሪው። ሌላው ጆሮ ካለው ይስማ» አለችኝ።

ይህን የመጨረሻውን ስትለኝ ወፍ ያየሁ መስዬ ፊቴን ወደ ማሳው አዞርኩ። ለምን እንደሆነ ኋላ ስደርስበት ታየዋለህ።

ሦስት ቀን ለማሽላው ተናገርኩ። የደረሰ ማሽላ በነፋስ ራሱን ሲነቀንቅ ልክ እንደ ሽማግሌ ነው፤ የተስማማ ይመስላል፣ አይስማማም። የመጀመሪያው ቀን ቃሌ ከመሀል እየተሰበረ አስቸገረኝ። ሐምዲያ ከታች ቆማ ሹሙን ትሆናለች። ሻሽዋን እንደ ካባ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሆዷን ወደፊት ገፍታ፣ «ባልቴት ዘንድ ማን ጠራው? የዘመመው ማማው ነው ወይስ ባለቤቲቱ?» ትለኛለች። ፊቴ ጋለ። ወርጄ ልሸሽ ስል ነጠላዬን ይዛ አስቀረችኝ። «ወዴት ነው? በገዛ ባሌ የምሳለቀው ሹሙ ከዚህ የባሰ እንደሚል ስለማውቅ ነው። ማክሰኞ አዲስ እንዳይሆንብሽ ዛሬ ጥገቢው» አለችኝ። ከዚያ ደጋግማ ሰደበችኝ። ስድቡን አንድ አሥር ጊዜ ስሰማው እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ሆነ፤ ይጮኻል፣ አይነክስም። በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልሰበር ጨረስኩ። ያን ጊዜ ነው ሐምዲያ ማሽላው መሀል ቁጭ ብላ ያለቀሰችው።

ማክሰኞ ጠዋት ቁራሽ እንጀራ በግድ ዋጥኩ። ወንጭፌን ነጠላዬ ሥር ጨብጬ ሄድኩ። ጣሊያኑ መኮንን በሸራ ወንበር ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ፣ ሹሙ ፊት ለፊት። አብዱረዛቅ እጁን ወደኋላ ታስሮ ቆሟል፤ ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። «ምስክር አለህ?» ሲሉት ወደ እኔ አላየም። እንዳላፍር ብሎ ነው። እኔ ከሴቶቹ መሀል ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ያም ወንዝ ጆሮዬን ሞላው።

«እንዴት አደራችሁ» አልኩ።

አገሬው በሙሉ መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደርሽ። የዚያን ያህል ሰው ሰላምታ በአንድ ጊዜ ተቀብዬ አላውቅም። እነሱ ሲያመሰግኑ እኔ ተነፈስኩ። ከዚያ አንድ ፊት ፈለግኩ። ሐምዲያ ፊቷን ሸፍናለች። ሌላውን ሰው ማየት ፈራሁ። ስለዚህ በሾላው ሁለት ሥሮች መሀል ያለውን ቦታ አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አይቆምበትም፤ ተፈራ የቆመበት ቦታ ነው። ለሱ ነገርኩት።

«ሽቦው የተቆረጠ ዕለት አብዱረዛቅ ከቀትር እስከ ፀሐይ መዘቅዘቂያ እኔ ማማ ሥር ነበር። የተከለው እንጨት አለ። ምስጥ የበላው አሮጌው እንጨትም አጠገቡ ወድቋል። ሄዳችሁ እዩት» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም፤ የማማው ድምፄ ነበር። ሹሙም ሐምዲያ እንዳለችው፣ ቃል በቃል ለማለት ትንሽ ሲቀረው፣ «ማማው ነው የዘመመው ወይስ ባለቤቲቱ?» አለ። ሳቁ ተነሳ። እኔም፣ «ጌታው፣ ማማውም ዘሞ ነበር፣ ባለቤቲቱም ከዘመመች ሦስት ዓመቷ ነው። አብዱረዛቅ ያቃናው ግን ማማውን ብቻ ነው» አልኩት። ሳቁ ዞሮ ሹሙ ላይ ወረደ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ይቺ ምላስ የት ከርማ ነው!» ሲሉ ሰማሁ።

እዚያ ላይ ብተወው ደግ ነበር። ሹሙ ግን በሳቁ ተናደደ። «እንዲህ የሚሠራ አፍ ካለሽ ለገዛ ባልሽ ምነው ዘጋሽው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ዝም ብል የሚፈርድብኝ አልነበረም። ግን ያንን ባዶ ቦታ እያየሁ ነበርና መዋሸት አልሆነልኝም። «ባሌም ማማ ላይ ነበር። አውቅ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ዛሬ ተናገርኩ» አልኩ። አንዲት ሴት «ወይኔ ተፈራ!» ብላ ደረቷን መታች። አስተርጓሚው ቃሌን ሲያዞርለት ጣሊያኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫማው ላይ ዓይኑን አነሳ። ከሹሙ ጋር ተንሾካሾኩ።

ከዚያ ሹሙ ፈረደ። ያን ጊዜ የሽቦ ቆራጩ ዱካ ከአጥርሽ ደርሶ ነው የጠፋው፤ ተፈራ ማማ ላይ ከነበረ ከአጥርሽ የወጣ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ቅዳሜ መጥተሽ ስሙን ትናገሪያለሽ አለኝ። የፊተኛውን የቆረጠ ከታወቀ የኋለኛውም ይታወቃል፣ የአብዱረዛቅም መዝገብ ይዘጋል። ስም ካልሰጠሽ ግን ለባልሽ የዋሸሽ ለጎረቤትሽም ዋሽተሻል፤ አብዱረዛቅ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አውጫጭኙም ማሽላው እስኪያልቅ ይቀጥላል አለ። አብዱረዛቅ በዋስ ተፈታ። ሐምዲያ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እስከ ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም ሰምተናል።

እንግዲህ ለጥያቄህ ደረስኩ።

ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ተፈራ «ማማ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቴ ታውቃለች» ብሎ ሕይወቱን አፌ ላይ አስቀመጠው። ተጠርቼ ቆምኩ። ፍርሃቱ ነበር፤ አልዋሽህም። ምላሴም ደርቆ ነበር፣ ወንዙም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ሐምዲያ ሳትነግረኝ፣ የምደገፍበት አንድ ፊት ፈለግኩ። የወገኔን ፊት ፈለግኩ። አገኘሁትም። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቀኝ እጁን ደብቆ ቆሟል። ከጋቢው ጫፍ ሥር፣ ከነጠላዬ ጥለት ቀድጄ ያሰርኩበት ጨርቅ ብቅ ብሎ ነበር። ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም። ሹሙ ከጥቂት ጊዜ በፊት ጮክ ብሎ ተናግሮ ነበር፤ «ከዚያ አጥር ውስጥ ያለው ወንድ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጸዳ ሁለተኛው ይቀርባል» ብሎ። አፌን ከፍቼ ያንን ፊት አየሁት። ያም ፊት አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

ተፈራ ሁሉንም አየ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ እኔ ወደማይበት ዞሮ አየ፤ ከዚያ መሬት አየ። ከዚያ ምን እንዳለ አንተም ሰምተሃል፤ «ተዉአት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም» አለ። ሰዉም «እውነት ነው፣ ዲዳ ናት» አለ። ሲወስዱት ዞሮ አላየኝም። በዚህ ምድር የተናገረው የመጨረሻ ቃል ለእኔ ሰበብ መስጠት ነበር። እኔም ያን ሰበብ ሦስት ዓመት እንደ ጋቢ ለበስኩት። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን ታድርግ፣ ፍርሃት ነው» ሲል ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኩ። የሚፈራ ሰው ይታዘንለታል። የመረጠ ሰው ግን የት ይግባ?

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ፍርሃት ነበረ። ቃሉን የያዘው ግን ፍርሃቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ የያዝኩት።

ይህን የምነግርህ እንድትቆጭ አይደለም። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሞላህም ነበር፤ ሾላው ሥር የቆመውን ሰው ሁሉ ያሸነፈ ፍርሃት አንተንም ቢያሸንፍ አልፈርድብህም። እጅህን እጄ ላይ ያደረገችው እናታችን ናት። አሁንም ቢሆን ያንን እጅ አልለቅም። ተፈራን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልለውም፤ አብዱረዛቅንም ለዚያች ለሳቂታዋ ሚስቱ እመልሳለሁ። ሦስቱም አንድ ላይ እንዴት ይሆናሉ ብዬ ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚህ ማማ ላይ ስወጣ በጣም ቀላል ሆኖ ታየኝ። ሹሙ ከዚያ አጥር ውስጥ የቆጠረው ሁለቱን ወንድ ብቻ ነው። እኛ ግን ከእኔ ጋር ሦስት ነበርን።

ቅዳሜ የምለውን ከጠዋት ጀምሮ ለማሽላው ስለው ውያለሁ። አጭር ነው፤ ከአብዱረዛቅ ምስክርነት ያጥራል። አንድ ጊዜም አልተሰበረብኝም። ሐምዲያ ይህኛውን አልሰማችም፤ ብትሰማ አትለቀኝም። ይህን ወረቀት በርበሬዋ ሥር አድርጋ ነገ ወደ ጣርማ በር ትወጣለች፤ ከዚያ ያ ነጋዴ ያደርስልሃል። ምን እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ፊደል አለማወቋ ለዛሬ በጀኝ። እጅህ ሲገባ ቅዳሜ አልፏል። ስለዚህ አትውረድ። እለምንሃለሁ አትውረድ። ከወረድክ የተናገርኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው፤ የተፈራን ስም ግን በጸሎትህ ያዝልኝ።

ወንጭፌን ለሐምዲያ ሰጥቻታለሁ። «ለምን?» አለችኝ። «ጉልበቴን አሞኛል፤ ለጥቂት ቀን ማሽላዬን ጠብቂልኝ» አልኳት። ማሽላው ጥሩ ነው፤ ከታጨደ እኩሌታውን እሷ ትውሰድ፣ እኩሌታው ለተፈራ ተዝካር ይሁን። ላሚቱንም ለሷ ትቻለሁ።

ባዶ እጅ ይንቀጠቀጣል ብላኝ የለ? አልሳተችም። ወንጭፉን ከሰጠሁ ወዲህ ቅዳሜ የምይዘውን ስፈልግ ትዝ አለኝ። ከእህል ጉድጓዱ ክዳን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሦስት ዓመት የተኛውን የሽቦ ጉጠትህን አወጣሁት። ዝጎ ነበር። በወንዝ አሸዋ አሸት አሸት አድርጌ አጸዳሁት። ሞከርኩት፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እጀታው ለእጄ ልክ ነው።

የዕለቱ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። ከብርድ፣ ከጥይት፣ ከጸጸትም ይሰውርህ። አገር ሲቀና ወርደህ ልጆች ውለድ፤ አንዷ ሴት ከሆነች ሰው ፊት ስትናገር አትቆጣት፣ ስትፈራም አትሳቅባት። ሰላም በዪ በላት፤ ሰላም ያለ ሰው መተንፈሻ አያጣም።

ግሪሳው እንደገና መጣ። ልነሳ።

አንተ እታለም የምትላት፣
እህትህ